መሪውን የያዘው እጅ የማን ነው? የመኪና ማስጠንቀቂያን ማታለል በዱባይ፣ በሻርጃና በአጅማን መንገዶች

ዱባይ፦ የፈጅር ሶላት ተሰግዶ ብዙም ሳይቆይ ከአጅማንና ከሻርጃ ወደ ዱባይ የሚያመሩ መንገዶች በመኪና ይሞላሉ። በሁለቱ ኤሚሬቶች የቤት ኪራይ ከዱባይ ስለሚረክስ፣ እንጀራቸው ዱባይ ሆኖ ማደሪያቸውን እዚያ ያደረጉ ሠራተኞች ብዙ ናቸው። ለአሠሪ፣ ለኩባንያ ወይም ለራሳቸው የሚያሽከረክሩ ኢትዮጵያውያንም ከእነዚሁ መካከል ይገኛሉ። በባሕሩ ወገን የአል ኢትሃድ መንገድ፣ በመሀል ኢ-311 በሚል ቁጥር የሚታወቀው የሼክ ሙሐመድ ቢን ዛይድ መንገድ፣ ወደ በረሃው ጠጋ ብሎ ደግሞ ኢ-611 የተባለው የኤሚሬትስ መንገድ ይህን ሁሉ ሰው ጠዋት ያደርሳሉ፣ ማታ ይመልሳሉ። በካርታ ላይ አጭር የሚመስለው ጉዞ በመጨናነቅ ሰዓት የቀኑን ትልቅ ክፍል ይበላል።

በእንዲህ ያለው ጉዞ ላይ የፊተኛውን ተሽከርካሪ ርቀቱን ጠብቆ የሚከተል፣ ሲቆም የሚቆም፣ ሲነሳ የሚነሳ፣ ከመስመሩም እንዳይወጣ መሪውን በጥቂት በጥቂቱ የሚያስተካክል መኪና እውነተኛ እፎይታ ነው። ቴስላ በዱባይ ሽያጭ መጀመሩ የተበሰረው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2017 ሲሆን፣ የዱባይ የመንገዶችና ትራንስፖርት ባለሥልጣን (አርቲኤ) በዚያው ሰሞን 200 መኪኖችን ለመግዛት መስማማቱን አስታውቆ ነበር። ያኔ የባለጸጎች ብቻ የነበረው ዘዴ ዛሬ በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ የቻይና፣ የኮሪያና የጃፓን መኪኖች ላይ ተገጥሞ ይመጣል።

እፎይታው ግን ውል አለው። የአሽከርካሪው እጅ ከመሪው፣ ዓይኑም ከመንገዱ መለየት የለበትም። መኪናው ይህ ውል መጠበቁን በየጊዜው ይፈትሻል፤ በመጀመሪያ በዳሽቦርዱ ላይ ምልክት ያበራል፣ ቀጥሎ ይደውላል፣ መልስ ሲያጣ ፍሬን ነካ አድርጎ ይነቀንቃል፣ አንዳንዱም አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ ቀስ እያለ ይቆማል።

አንዳንድ አሽከርካሪዎች በእነርሱ ፈንታ ለዚህ ጥያቄ የሚመልስ ነገር አግኝተዋል። አንዱ በመሪው ጎን የሚጣበቅ ትንሽ ክብደት ነው፤ ለዚሁ ሥራ ታስቦ ተሠርቶ በኦንላይን ገበያዎች በርካሽ ይሸጣል። ሌላው በመሪው ክፍተት የሚሰካ የውኃ ጠርሙስ ነው። ብርቱካን የሚሰኩም አሉ። መኪናው እጅ ያለ ይመስለዋል፤ አሽከርካሪው ወደ ስልኩ ይመለሳል።

ነገሩ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት ዘዴው ምን እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ሴንሰር እጅን አይለይም። የሚለካው በመሪው ላይ የሚያርፈውን የመጠምዘዝ ኃይል ብቻ ነው። ሕያው እጅ መሪን ሲይዝ ሳያውቀው ትንሽ ይጎትተዋል፣ ትንሽ ይገፋዋል፤ ሴንሰሩ ይህን ጉትቻ የሰው መኖር ምልክት አድርጎ ይወስደዋል። በአንድ ወገን የተንጠለጠለ ክብደትም እንዲሁ ይጎትታል። በዚሁ ምክንያት ተቃራኒው ችግርም አለ፤ መሪውን በጥንቃቄ፣ ሳያነቃንቅ የያዘ ሰው ጉትቻ ስለማያሳይ መኪናው "እጅህ የት አለ?" እያለ ይጮኽበታል። ይህ ቅሬታ ሐሰት አይደለም፤ ክብደቱን ከሚገዙት አንዳንዶቹ የሚገዙት በዚህ ተሰላችተው ነው። አምራቾችም ድክመቱን አውቀው የእጅን ንክኪ የሚለይ መሪና የአሽከርካሪውን ዓይን የሚከታተል ካሜራ ወደ መግጠም ዞረዋል። ቴስላ በመኪናው ውስጥ ያለውን ካሜራ ለዚህ ተግባር ማዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው።

ስያሜውም ለስሕተት በር ከፍቷል። የአውቶሞቲቭ መሐንዲሶች ዓለም አቀፍ ማኅበር (ኤስኤኢ) ተሽከርካሪዎችን ከዜሮ እስከ 5 ባሉ ስድስት ደረጃዎች ይመድባቸዋል። በየመንገዱ የሚታዩት በከፊል ራሳቸውን የሚያሽከረክሩ የግል መኪኖች በአብዛኛው ደረጃ 2 ናቸው፤ ይህም ማለት መሪውን፣ ፍጥነቱንና ፍሬኑን መኪናው ቢያግዝም አሽከርካሪው ሰውየው ነው። ዱባይ እስከ 2030 ከጠቅላላው ጉዞ 25 በመቶው ያለ ሰው አሽከርካሪ በሚጓዙ ተሽከርካሪዎች እንዲሆን እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣችው ስትራቴጂ የሚናገረው ስለ ሌላ ዓይነት ተሽከርካሪ ነው። ለእነዚያ እ.ኤ.አ. የ2023 ሕግ ቁጥር 9 ወጥቶላቸዋል፤ አርቲኤ ፈትሾ ፈቃድ ይሰጣቸዋል። በከተማዋ ጎዳናዎች ላይ የሙከራ ሮቦ-ታክሲ ያየ ሰው የራሱም መኪና ያንኑ የሚችል ቢመስለው የሚያስገርም አይደለም። ነገር ግን ልዩነቱ የሌሊትና የቀን ነው።

ማስጠንቀቂያው ምን ያህል ጊዜ እንደሚሰጥ በሜትር ቢሰላ ነገሩ ጎልቶ ይታያል። በአውሮፓና በሌሎች በርካታ ሀገራት የሚሠራበት 79ኛው የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ፣ እጅ ከመሪው ከተነሳ ቢበዛ በ15 ሰከንድ ውስጥ የሚታይ ምልክት፣ ቢበዛ በ30 ሰከንድ ውስጥ ድምፅ እንዲሰጥ፣ ድምፁ ከጀመረ በኋላም ቢበዛ በ30 ሰከንድ ውስጥ ዘዴው እንዲጠፋ ያዛል። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በየሰከንዱ 33 ሜትር ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ምልክት እስኪበራ 500 ሜትር፣ ድምፁ እስኪሰማ አንድ ኪሎ ሜትር፣ ዘዴው እስኪጠፋ ሁለት ኪሎ ሜትር ሊጓዝ ይችላል። ይህ እንግዲህ ማስጠንቀቂያው ሳይነካ በትክክል ሲሠራ ነው። ክብደት የተንጠለጠለበት መኪና ይህንንም አያደርግም።

በኤሚሬቶች የአየር ጠባይ ይህ የበለጠ ያሳስባል። በክረምት ንጋት ላይ የሚወርደው ጭጋግና በበጋ የሚነሳው የአሸዋ ብናኝ የመንገዱን መስመሮች ከካሜራው ዓይን ይሰውራሉ። መስመሩ የጠፋበት መኪና ማድረግ የሚችለው መሪውን ለሰው መመለስ ነው። ጥሪው የሚሰማው ግን በዚያች ሰከንድ የሚቀበል ሰው ካለ ነው። በረመዳን ከመግሪብ በፊት ባለው ሰዓት ድካምና ችኮላ አብረው ሲመጡም ሁኔታው ከዚህ አይለይም።

እውነቱን ለመናገር ልማዱ ከአዲሱ ቴክኖሎጂ ጋር የመጣ አይደለም። ለባሕረ ሰላጤው ሀገራት ተዘጋጅተው የሚመጡ መኪኖች ፍጥነታቸው ከ120 ኪሎ ሜትር ሲያልፍ የሚሰማውን ደወል ብዙ ነዋሪዎች ያውቁታል፤ በየጋራዡ ሽቦው ተቆርጦ ዝም የተባለበትንም መኪና እንዲሁ። ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው የቀበቶ ማስጠንቀቂያ ነው። ቀበቶውን በማሰር ፈንታ የማሰሪያውን ምላስ ብቻ የሚመስል ብረት ገዝቶ መሰካት ዛሬም አለ። በአንዳንድ መኪኖች የአየር ከረጢቱ መቼና እንዴት እንደሚፈነዳ የሚወሰነው ቀበቶው ታስሯል ወይስ አልታሰረም በሚለው መረጃ ጭምር ስለሆነ፣ ያች ብረት ደወሉን ብቻ ሳይሆን ከረጢቱንም ትዋሻለች።

በመሪው ላይ የሚሰካውም ነገር ከዚህ የተለየ አይደለም። የአሽከርካሪው የአየር ከረጢት የተቀመጠው በመሪው መሀል ነው፤ በግጭት ጊዜ ከሰከንድ ሠላሳኛ ክፍል ገደማ በሚሆን ጊዜ ተነፍቶ ይወጣል። በዚያ ኃይል ፊት የቆመ ጠርሙስ ወይም ብረት ወደ ፊትና ደረት የሚወረወር ድንጋይ ነው።

ያለ ጥፋት ቀናት ያለፉለት አሽከርካሪ ክብደቱን የሚያምነው ለምንድን ነው? መልሱ ከመኪናው ይልቅ በሰው አእምሮ ዘንድ ይገኛል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ራዳር ላይ የሚቀመጡ የብሪታንያ ወታደሮች ከጥቂት ቆይታ በኋላ ምልክቶችን እየሳቱ ሲያስቸግሩ ኖርማን ማክዎርዝ የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ፈተና አዘጋጅቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የታተመው ውጤት ሰው ብዙም የማይለወጥን ነገር ሲከታተል ንቃቱ ገና በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት እንደሚወርድ አሳየ። ከሻርጃ ወደ ዱባይ የሚደረገው ጉዞ ብዙውን ጊዜ ከዚያ ይረዝማል። መኪናው ሥራውን ባሻሻለ ቁጥር ተቆጣጣሪው ሰው የሚሠራው ያጣል፤ ሥራ ያጣ ዓይን ደግሞ ይሸሻል። ደወሉ የተሠራው ሰውን ለማስቸገር ሳይሆን ይህን የታወቀ ድካም ለመደገፍ ነው።

የሚያስከትለውን የሚያሳዩ መዝገቦችም አሉ። እ.ኤ.አ. በሜይ 2016 በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት አንድ ቴስላ መንገዱን ከሚያቋርጥ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ አሽከርካሪው ሞተ። የሀገሪቱ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመኪናውን መዝገብ ሲመረምር፣ ረዳቱ በሠራባቸው 37 ደቂቃዎች ውስጥ እጅ በመሪው ላይ የታወቀው ለ25 ሰከንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ማብቂያ ላይ በጀርመን ባቫሪያ ፖሊስ በአውራ ጎዳና ላይ እንዲቆም ያዘዘው መኪና ለሩብ ሰዓት ያህል ሳይቆም በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ፣ አሽከርካሪው ወንበሩን አስተኝቶ ዓይኑን ጨፍኖ ታየ፤ በመኪናው ውስጥ ለመሪው የተዘጋጀ ክብደት ተገኝቷል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ባለሥልጣን እንዲህ ያለውን ክብደት የሚሸጥ ድርጅት ሽያጩን እንዲያቆም ያዘዘው ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። በዲሴምበር 2023 ደግሞ ማስጠንቀቂያው እንዲጠናከር ከሁለት ሚሊዮን በላይ የቴስላ መኪኖች ለእርማት ተጠርተዋል።

ጉዳዩ የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የመኪና ኢንሹራንስ ኩባንያዎች የሚደግፉት የአውራ ጎዳና ደኅንነት ተቋም እ.ኤ.አ. በማርች 2024 የልዩ ልዩ አምራቾችን 14 ዘዴዎች መዝኖ 11ዱን "ደካማ" ብሏቸዋል። ተቀባይነት አለው የተባለው አንድ ብቻ ነበር።

በተባበሩት አረብ ኤሚሬቶች የሀገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አኃዝ መሠረት በመንገድ አደጋ ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች በ2023 352፣ በ2024 ደግሞ 384 ናቸው። የሐሳብ መበታተንና ርቀት አለመጠበቅ ከዋና ዋናዎቹ መንስኤዎች መካከል በየዓመቱ ይጠቀሳሉ። በማሽከርከር ላይ ሳሉ ስልክ መጠቀም 800 ድርሃም እና አራት ጥቁር ነጥብ ያስቀጣል፤ ነጥቡ 24 ሲሞላ መንጃ ፈቃድ ይነጠቃል። ዱባይ እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ጀምሮ በዚሁ ጥፋት መኪናን ለ30 ቀናት ማገድን ጨምራለች። የአጅማን ፖሊስም ከኦክቶበር 1 ቀን 2024 ጀምሮ ስልክ የያዘንና ቀበቶ ያላሰረን አሽከርካሪ የሚለዩ ካሜራዎችን ሥራ ላይ አውሏል። እ.ኤ.አ. ከማርች 29 ቀን 2025 ጀምሮ የጸናው አዲሱ የፌዴራል የትራፊክ ሕግ ደግሞ በማሽከርከር የሰው ሕይወት እንዲጠፋ ያደረገን ሰው በእስራትና ከ50,000 ድርሃም በማያንስ መቀጮ፣ ወይም ከሁለቱ በአንዱ ይቀጣል። በእነዚህ ድንጋጌዎች ፊት "መኪናው ይነዳ ነበር" የሚል መከላከያ ለደረጃ 2 መኪና አሽከርካሪ መሸሸጊያ አይሆንም።

የፊቅህ ሊቃውንት ይህን ጥያቄ የተነጋገሩበት ደወል የሚሰጡ መኪኖች ከመምጣታቸው ብዙ አስቀድሞ ነው። ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በጁን 1993 በብሩናይ ባካሄደው ስምንተኛ ጉባኤው፣ ከሸሪዓ ጋር የማይጋጩ የትራፊክ ደንቦችን ማክበር ዋጅብ መሆኑን ወስኗል። አሽከርካሪው ተሽከርካሪው በሰው አካልና ንብረት ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑንም፣ ሊቋቋመው ከማይችለው አስገዳጅ ሁኔታ በስተቀር፣ አስፍሯል። ጉዳቱን በቀጥታ ያደረሰውና ምክንያት የሆነው ሰው በተለያዩ ጊዜ ደግሞ ተጠያቂነቱ በመሠረቱ የቀጥተኛው ነው፤ ምክንያት የሆነው ወሰን ያለፈ፣ ቀጥተኛው ግን ያላለፈ ከሆነ ብቻ ይገለበጣል። ይህ ልዩነት ለዛሬው ጉዳይ የተጻፈ ያስመስላል። መሪው ላይ ክብደት ያንጠለጠለ ሰው ቀጥተኛ አድራሽም፣ ወሰን አላፊም ራሱ ነው፤ ወደ አምራቹ ጣት ለመቀሰር የሚያስችለውን በር በገዛ እጁ ዘግቷል።

አምራቹስ ነፃ ነውን? በዚህ ላይ የዓለም ፍርድ ቤቶች ገና እየተከራከሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 በፍሎሪዳ አንድ አሽከርካሪ ረዳቱ በርቶ ሳለ የወደቀ ስልኩን ለማንሳት አጎንብሶ መንገድ ዳር የቆመች ወጣት ገደለ። የማያሚ ፌዴራል ፍርድ ቤት ዳኞች በኦገስት 2025 ለጥፋቱ 33 በመቶውን ለቴስላ፣ የቀረውን ለአሽከርካሪው ሰጥተው ኩባንያው 243 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንዲከፍል ወስነዋል። ትልቁን ድርሻ የተሸከመው አሁንም ሰውየው ነው። ያም ሰው ቢሆን ማስጠንቀቂያውን ለማታለል ምንም ነገር አልሰካም ነበር።

በኤሚሬቶች ለጠፋ ነፍስ የሚከፈለው ዲያ 200,000 ድርሃም ሆኖ ተወስኗል፤ ይህን ኢንሹራንስ ሊሸፍነው ይችላል። በስሕተት ነፍስ ያጠፋ ሙስሊም በሸሪዓ የሚጠበቅበትን ከፋራ፣ ሁለት ወር ተከታታይ ጾም፣ ግን የትኛውም ኩባንያ ለደንበኛው አይጾምለትም።

በደወሉ የተሰላቸ አሽከርካሪ ያለው መንገድ ቀላል ነው። ረዳቱን ራሱን በመኪናው ምርጫ ሰሌዳ ማጥፋትና እንደ ቀድሞው ማሽከርከር ይችላል፤ በብዙ መኪኖች የመስመር ማስጠንቀቂያውን ጥንካሬ መቀነስም ይቻላል። ሴንሰሩ ያለ ምክንያት የሚጮኽ ከሆነ ፊት ያለውን መስታወትና ካሜራውን ከአቧራ ማጽዳት፣ ካልሆነም ወደ ወኪሉ ጋራዥ መውሰድ ነው። ረዳቱን አጥፍቶ የሚያሽከረክር ሰው ቢያንስ ማን እንደሚያሽከረክር ያውቃል። ክብደት ያንጠለጠለው መኪና ግን ሰውም፣ ማሽንም በሙሉ ኃላፊነት የማይነዳው፣ የትኛውም መሐንዲስ ያልነደፈው፣ የትኛውም መንግሥት ያልፈቀደው ተሽከርካሪ ነው። ከጎኑ ባለው መስመር የምትጓዘው ቤተሰብ ይህን የምታውቅበት መንገድ የላትም።

ይህ አለማወቅ በሽያጭም ይተላለፋል። በሻርጃ ሱቅ አል ሐራጅና በዱባይ ራስ አል ኾር ከእጅ ወደ እጅ የሚሸጡ መኪኖች ከነልማዳቸው ይሸጣሉ፤ ከፊሎቹም ባሕር ተሻግረው በጅቡቲ በኩል ኢትዮጵያ ይገባሉ። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ አዲስ አበባን የሞሏት የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ የመስመርና የግጭት ማስጠንቀቂያ አላቸው። የመንገድ ቀለሙ በደበዘዘበት፣ እግረኛና እንስሳ በአንድነት በሚሻገሩበት ጎዳና ላይ ያ ደወል ደጋግሞ መጮኹ አይቀርም፤ ዝም የሚያሰኘው መካኒክም አይጠፋም።

ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ሞተሩንና ጎማውን ከማየቱ ጎን ለጎን አንድ ደቂቃ ለዳሽቦርዱ ቢሰጥ ብዙ ያውቃል። ቁልፉ ሲከፈት የአየር ከረጢቱና የሌሎቹ ማስጠንቀቂያ መብራቶች ለጥቂት ሰከንድ በርተው መጥፋት አለባቸው። ከነጭራሹ የማይበራ ካለ አምፖሉ ወይም ሽቦው ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ቀበቶውን ሳያስሩ ጥቂት ሜትር ሲነዱ የማይጮኽ ከሆነ በማሰሪያው ቀዳዳ ውስጥ የተሰካ ነገር እንዳለ ማየት ነው። ከዚያም መሪውን በሁለት እጅ ይዞ ዙሪያውን በጣት መዳሰስ፤ ክብደቱ ተነስቶም ከሆነ ማጣበቂያው በቆዳው ላይ የተወውን ሻካራ ምልክት ጣት ያገኘዋል።